ሚክዳድ ያጸዳው ዘፈን

እኔንና ጎረቤቴን ሚክዳድን የሚያዋስነን አንድ ግድግዳ ነው፤ በእሱ በኩል ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደግሞ የእኔ ፍራሽ ነው። ድምፅ እንዳይገባበት ብሎ ስቱዲዮውን ከሰፈሩ በተዋሰው ፍራሽ አልብሶታል። ሰፈራችን ገንደ ቆሬ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ድንኳን ሳይተከል በፊት ወደ ሚክዳድ ነው የሚሮጠው፤ ለቀስተኛ መሬት ላይ አይቀመጥማ። እሱም ፍራሾቹን አንድ በአንድ እያወረደ ከልቡ ያዝናል። ለሟቹ ይሁን ለግድግዳው ግን ዛሬም አልለየልኝም።

ስቱዲዮ የምለው እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሰል ያስቀምጡበት የነበረውን ጓዳ ነው። አንድ ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ፣ አለቀ። ቀን ቀን ከዚራ ሰፈር ሞባይል ይጠግናል፤ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ጓዳ ገብቶ በሩን ይጠረቅማል። ቬንትሌተር አይከፈትም፣ "ይጮሃል" ይላል። በድሬ ሙቀት! ዘፋኙ በሸሚዝ ገብቶ በፎጣ ይወጣል። "ልቀዳ ነው!" ብሎ ከአጥሩ በላይ ሲጣራ ሰፈሩ ሁሉ ሙቀጫውን ያቆማል፣ ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል። ለእሱ ትእዛዝ የማይገዛው ባጃጅ ብቻ ነው።

ታዲያ የሠራው ሥራ የት አለ ብትሉኝ፣ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ሚክዳድ ይቀዳል፣ ከዚያ ሚክስ ያደርጋል፤ ማለትም ድምፁን ያመጣጥናል፣ ያጸዳል፣ አሁንም ያጸዳል። "አለቀ?" ስትሉት "ትንሽ ይቀረዋል" ነው መልሱ። አንዱ ጎረምሳ ለፍቅረኛው ያስቀዳው ዘፈን ሚክሱ እስኪያልቅ ልጅቷ ሌላ አግብታ ሁለት ወልዳለች። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እትዬ ሰርካዲስ" ይለኛል። "የአንተ እንቁላል ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ተበልቶ አለቀኮ" እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይቸኩልም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትዳሩን ብጠይቀውም ያው ትንሽ ይቀረዋል።

ባለፈው ዓመት ግን ቀልድ የማያውቅ ሥራ መጣበት።

ፋርቱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ በዘፈን ስትድር የኖረች ሴት ናት። ሙሽራዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት፣ ሴቶች ብቻ በሚቀመጡበት ሰዓት፣ ፋርቱን ታወጣለች፣ እኛ እያጨበጨብን እንቀበላለን። ግጥሙ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ሶማልኛ ነው፤ እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ሁለቱንም ከእሷ አፍ ነው የለቀምኩት። የራሷ ልጅ የዱኒያ ተራ ደረሰ ስንል የፋርቱን እንቅርት አስቸገረ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው መዘግየት የለበትም፣ ከዚያ በኋላ ድምፅሽ ሊሻክር ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አላት። ሙሽራው ደግሞ የሚሠራው ጅቡቲ ነው፣ ፈቃድ ያገኘው ለአንዲት ሳምንት ብቻ። ስለዚህ ሰርጉ ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሦስተኛው ሳምንት ሊውል ሆነ።

"ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ስድር ኖሬ፣ የራሴን ዲዳ ሆኜ ልሸኝ?" አለችና ሆስፒታል ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ሚክዳድ ቤት መጣች። እኔንና ሌላዋን ተቀባይ ካልቱንን እንድንቀበላት ይዛን ነበር። ሚክዳድ በሩ ላይ አገደን።

"አቦ፣ ማይኩ አንድ ነው! ሌላ ሰው ከገባ ድምፁ ይበላሻል። እሷ ብቻ።"

"ለብቻ እንዴት ነው የሚዘፈነው?" አለች ፋርቱን።

"በጣም አሪፍ ሆኖ ነዋ፣ አዴ ፋርቱን። ግቢ።"

ገባች። እኛ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ጠበቅናት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ አጥምቋት ወጣች። "ፍራሽ እንዲቀበለኝ ስጠብቅ ዋልኩ" አለችን። ሳቅንና ሸኘናት። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ ብንጠይቃት ጥሩ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ድምፁ ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ፤ ፋርቱን ሻይ ስትጠይቅ እንኳ ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልግ ነበር። ሚክዳድ ሦስቱን ሳምንት ከጓዳው አልወጣም። አንድ ጊዜ አሰማን ብንለው፣ ያው መልስ ነው። ሥራውን ይዞ ብቅ ያለው የሰርጉ ዕለት ነው፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ።

ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ዳሱ ሥር ተቀመጥን፤ ፋርቱን ከዱኒያ ጎን፣ አንገቷን በሻሽ ሸፍና። ወንድ ስለማይገባ ሚክዳድ ላፕቶፑን ይዞ በሩ ጋ ቆመ፤ ስፒከሩ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ። ተጫነው።

ጉድ ነው! እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ድምፅ። ፋርቱን የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች፤ አፋችንን ከፍተን ልንቀበል ስንል ሁለተኛው ደረሰብን። ሁለተኛውን ልንቀበል ስንል ሦስተኛው። እየተሯሯጥን ጥቂት ሞከርን፣ ጭብጨባው ተዘበራረቀ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አልን። ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ዘፈን በሦስት ደቂቃ አለቀ። ዱኒያ እናቷን አየች። ፋርቱን መሬት መሬቱን አየች።

ነጠላዬን እየጎተትኩ ወደ በሩ ወጣሁ። "ምን አድርገህባት ነው?"

"ምን ሆነ? በየስንኙ ዝም ትል ነበር። ቀዶ ጥገናውን ፈርታ ግጥሙ የጠፋባት መስሎኝ፣ ዝምታውን በሙሉ ቆርጬ አወጣሁላት። የተቆረጠበት ቦታ አይታወቅም እኮ፣ እትዬ!"

እውነቱን ነው፣ አይታወቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋው የእኛን ቦታ እየቆረጠ ሲጥል ነው። ይህን ዘፈን የሚያውቀው ከአጥር ውጭ ሆኖ፣ ሁላችንም ስንንጫጫ ነው፤ አንዷ የት ላይ አቁማ ሌሎቹ የት ላይ እንደሚጀምሩ ማን አሳይቶት? ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ያልቆረጥከው የለም?"

"አለ። እሱ ግን አይሆንም፣ ወላሂ! ቆሻሻ ነው። ባጃጅ አለበት፣ የእኔ ሳል አለበት። ሁለት ቀን ስጪኝና..."

"አንተ ልጅ፣ ሙሽራዋ የምትወጣው አሁን ነው!"

አሳዘነኝ። ያልጸዳ ሥራ ለሰው አሰምቶ አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነው፤ እኔም ተመልሼ ካልቱን ጎን ሄድኩ።

መጀመሪያ የባጃጅ ጡሩምባ ጮኸ። ቀጥሎ የሚክዳድ ሳል። "ጀምሪ፣ አዴ ፋርቱን" የሚለው ድምፁ ሲሰማ ሴቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ከዚያ ፋርቱን አወጣችና ዝም አለች። ዝምታው የእኛ መሆኑን ሁላችንም አወቅን፤ ዘለን ገባንበት። ጭብጨባው ያዘ። ሁለተኛውን አወጣች፣ ጠበቀችን፣ ተቀበልን።

ሦስተኛው ላይ ፋርቱን ከወንበሯ ተነሣች። በእኔና በካልቱን መሀል መጥታ ቆመችና ማጨብጨብ ጀመረች። ሠላሳ ዓመት ስታወጣ የኖረች ሴት ተቀባይ ሆና አታውቅም። የራሷ ድምፅ ከስፒከሩ ጠራት፤ እሷም በዚያ በሻከረ ጉሮሮዋ ከእኛ ጋር መለሰች። አጠገቧ ቆሜ እኔ እንኳ በደንብ አልሰማኋትም፣ እንባዬም አስቸግሮኝ ይሆናል። ዱኒያ ግን ከዚያ ሁሉ ሴት ድምፅ መሀል ለየቻት። ሙሽራ ተቀምጣ ነው የሚዘፈንላት፤ ዱኒያ ተነሥታ መጣች፣ የእናቷን እጅ ያዘች፣ አራተኛውን ስንኝ አብራት ተቀበለች።