ኮሚቴው የእትዬ ራቢዓን ቤት ሲለካ

እትዬ ራቢዓ የባሌ የናስር ታላቅ እህት ናት። አራዳ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ሰፊ የድንጋይ ቤት አላት፤ የምትኖረው ግን እኔ ዘንድ ነው፣ ከልጇ ከመርዋ ጋር ተጣበን። ቤቷን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተከራይቶታል። ስሙን አልጠራም፤ ገና ያላለቀ ጉዳይ አለኝ እዚያ።

ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ቤቱን ሲያሠራ የበሩን ሳንቃ ራሱ መርጦ አስገጠመና፣ መርዋን የምድራት በዚህ በር ነው ይል ነበር። ሳይድራት ሞተ። እትዬ ራቢዓ ባዶ ቤት ማየት ቢያቅታት ለጊዜው ብላ አከራየችው። የመንግሥትን ለጊዜው ደግሞ ታውቁታላችሁ። መርዋ አደገች፣ ተማረች፣ ታጨች፤ መሥሪያ ቤቱ ንቅንቅ የለም።

ልቀቁልኝ በያቸው እላታለሁ። እሺ ብላ ትሄዳለች። ኃላፊው ብድግ ብሎ ወንበሩን ይለቅላታል፣ ሻይ ያዝላታል፣ ስለ ወገቧ ሕመም ይጠይቃታል፤ እሷም መርቃው ትመለሳለች። የባሌ ሙት ዓመት ሲደርስ ድንኳን የተከሉልኝን ሰዎች በምን አፌ ውጡ እላለሁ ትለኛለች። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እንዲህ ሲጠና አይቼ አላውቅም።

ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት ለውጥ አገሩን ባጥለቀለቀበት ሰሞን ታዲያ አዲስ መመሪያ መጣ ተባለ። ከእንግዲህ መሥሪያ ቤት በትውውቅና በልማድ ቤት አይከራይም፤ ኮሚቴ እየዞረ ያያል፣ ይለካል፣ ነጥብ ይሰጣል፤ የወደቀ ቤት ውሉ አይታደስም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የእትዬ ራቢዓ ቤት ጣራው ያፈሳል፣ ልስኑ ረግፏል፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ተገንጥሏል። ማንም ሰው ክፉ ቃል ሳይወጣው ቤቱ ራሱ ሊወድቅልን ነው! ብቻ እንዳትነኪው ብዬ በአላህ አስማልኳት። ማለችልኝ።

ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ከገበያ ስመለስ በዚያው በኩል ባልፍ ምን አየሁ መሰላችሁ? ጣራው ላይ ሰዎች ወጥተው ቆርቆሮ ይመታሉ፤ እሷ እስከ ክርኗ ኖራ በኖራ ሆና ግድግዳ ትቀባለች። ደሜ ፈላ። ምነው እትዬ፣ ምለሽልኝ አልነበር ወይ ብላት፣ እንግዳ የሚገባበትን ደጁን ብቻ ላድርግ ብዬ ነው አለችኝ። ደጁ ሲነጣ ሳሎኑ አሳፈራት፤ ሳሎኑ ሲነጣ ጓዳው። ሰው የሟቹን ቤት ገደለችው እንዳይላት ለመጸዳጃ ቤቱም አዲስ በር አስገጥማለች።

በማግስቱ መጡ። ሰብሳቢው አቶ ዳኛው የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ኮስታራ፣ ሜትሩ ከእጁ የማይለይ። ግድግዳውን እያንኳኳ፣ ወለሉን እየለካ፣ «ሸጋ ነው» ይላል በየክፍሉ። ቀና ብሎ ጣራው ያፈስ እንደሆን ሲጠይቅ እኔ ቀደም አልኩና፣ ወንፊት በሉት፣ ክረምት ሠራተኞቹ ዣንጥላ ይዘው ነው የሚጽፉት አልኩ። ትንሽ ሳላጋንን አልቀረሁም። እትዬ ራቢዓ ፊቷ ተለዋወጠ።

«የማን ቤት ነው የሚያፈሰው? ባሌ ያሠራው?»

ይህን ብላ ዘበኛውን ጣራ ላይ አስወጣችና ውኃ በባልዲ አስደፋችው። ኮሚቴው ከሥር አንጋጦ ጠበቀ። ጠብ ያለ ነገር የለም። አቶ ዳኛው ኮስታራነቱን ረስቶ አጨበጨበ፤ እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ቤቱ አንደኛ ወጣ። ውሉ ለብዙ ዓመት ሲታደስ፣ ዕቃዋን የቆለፈችበትን ጓዳ እንኳ ጥቅም ላይ ያልዋለ ቦታ ነው ብለው ጨመሩበት። እሷም ፈረመች፤ ምን ታድርግ፣ ሰዎቹ ደስ ብሏቸዋል።

ፈርማ ሻይ ስትቀዳላቸው ግን እንባዋ መጣ። አቶ ዳኛው ደንግጦ ምን እንዳስከፋት ጠየቃት። ስንት ዓመት የዋጠችውን ያን ጊዜ አወጣችው።

«ልጄ በአባቷ በር ትውጣልኝ። አንድ ቀን ብቻ።»

ኃላፊው ስኒውን አስቀመጠ። እኔን አየ፣ እሷን አየ።

«ምነው እትዬ ራቢዓ፣ ይህን ብለውን ቢሆን! ለእኛ እኮ አምና አዲሱ ሕንፃ ላይ ቦታ ተሰጥቶን ነበር። ትተናቸው ብንወጣ ይከፋቸዋል ብለን ነው ለምነን የቀረነው።»

ሁላችንም ውሉን አየን። ማኅተሙ አርፎበታል፤ መመሪያው ደግሞ የታተመ ውል ማፍረስ አይፈቅድም። እትዬ ራቢዓ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ኃላፊው ሲሸማቀቅ ብታየው ሻይ ጨመረችለት።

ለመርዋ ሠርግ ግን እሁድ ቁልፉን ሰጡን። ሠራተኞቹ ጠረጴዛውን ተሸክመው አወጡ፣ ኃላፊው በር ላይ ቆሞ እንግዳ ተቀበለ፣ አቶ ዳኛው የድንኳኑን ካስማ ራሱ ለክቶ አስተከለ። መርዋ በአባቷ በር ወጣች። እናቷ መቃኑን ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እኛም ተከተልናት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ራቢዓ ጠረጴዛዎቹን በየቦታቸው አስመልሳ፣ ወለሉን ወልውላ፣ ቁልፉን ለዘበኛው አስረከበችና ብቻዋን ወደ እኔ መጣች። ስንት ዓመት ቤቴ ጠበበ እያልኩ ያጉረመረምኩት እኔ፣ በሩን ስታንኳኳ ስሰማ ሮጬ ከፈትኩላት። ቤቷን ለቀውላት ሄዳ ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር?