እናቴ ያልደገመችው ቃል

ሰሞኑን ለቅሶ ልደርስ ሉማሜ ሄጄ ነበር። አባታችን ሆይ ሲደገም፣ ልጇ የሞተባት ሴት መሀል ላይ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ስትል አየሁ። ያን አፍ አውቀዋለሁ። የእናቴ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በሞተ ሰሞን የንስሐ አባታችን ማታ ማታ እየመጡ ጸሎት ያደርሱልን ነበር። ቤቱ ዝናብ የመታው ጋቢና የጧፍ ጢስ ይሸታል። አንድ ምሽት "ፈቃድህ ይሁን" የሚለው ጋ ስንደርስ እናቴ ጥርሷን ገጠመች። ሁላችንም ጸሎቱን አቋረጥን።

"ምነው! እግዜርን ታኮርፊያለሽ?" አለቻት አክስቴ።

"አዎ፣ አኩርፌዋለሁ! ልጄን ወስዶ ፈቃድህ ይሁን አልለውም። መምሬ፣ ከፈለጉ ያውግዙኝ።"

የተወገዘ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማይቀበር ሰምቼ ነበር፤ እናቴ ከወንድሜ ልትለይ ነው ብዬ ፈራሁ።

መምሬ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

"ቄስ ብቻውን አይቀድስም፤ ታውቂያለሽ" አሉ። "እኔም ልጄን ቀብሬ ቅዳሴ ስገባ አፌ አልከፈት አለኝ። ጓደኞቼ ተቀበሉልኝ። አንችም ዝም በይ፤ እኛ እንልልሻለን።"

ጸሎቱን ከተቋረጠበት ቀጠሉ። እናቴ አልደገመችም፤ ተነሥታም አልወጣችም።

ሉማሜ ላይ ያች ሴት ዝም ስትል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ፈቃድህ ይሁን" አልሁላት። ሐዘኑ የራሴ ቢሆን ኖሮ እል እንደሆነ ግን አላውቅም።