ተዘቅዝቆ የሚለጠፍ ንጉሥ

የጋሽ ዓምደሚካኤል እጆች መንቀጥቀጥ ጀምረዋል፤ ቴምብር ሲለጥፉ ግን አይስቱም። ከጥቅሉ አንዷን ቆርጠው፣ ጀርባዋን በምላሳቸው አርሰው፣ የስዊድንን ንጉሥ በአናታቸው ተክለው ፖስታው ጥግ ላይ በአውራ ጣት ይጫኗቸዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሚኖሩበት የስቶክሆልም ሰፈር፣ ከሃግሴትራ፣ የወጣ ደብዳቤያቸው ሁሉ፣ ለሐኪም ቀጠሮም ይሁን ለንደን ላለው የትግል ጓዳቸው የተጻፈ መግለጫ፣ ንጉሡን ቁልቁል ዘቅዝቆ ነው የሄደው።

«ዘውድ የገለበጥን ሰዎች ነን» ይላሉ። «ቀና አድርገን አንለጥፍም።»

«እየላስካቸው እኮ ነው» ትላቸዋለች ባለቤታቸው አሰጋሽ፣ ምስር እየለቀመች። ሰው ፊት አንቱ ነው የምትላቸው፤ ቤት ውስጥ አንተ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዘውዱ የወደቀ ዕለት ጋሽ ዓምደሚካኤል ደባርቅ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበሩ፤ ወሬውን በሬዲዮ የሰሙት መርፌ እየቀቀሉ ነው። ሜዳ የወጡት በሚቀጥለው ዓመት፣ በስድሳ ዓመታቸው፣ ከተማሪዎች ጋር ነው። ልጆቹ «ጓድ አባባ» ይሏቸው ነበር። በጨው ውኃና በተቀደደ ነጠላ የስንቱን ቁስል አጥበው እንዳዳኑ አሰጋሽ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ፣ ስደተኞች ሰፈር፣ ከዳኑት ልጆች አፍ ሰምታለች። ያገባቻቸውም ለዚያ ነው። እሳቸው ግን ይህን አያነሡትም። የሚያወሩት ስለተኮሱት ጥይት ነው። የተኮሱት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጠመንጃ ሲወለውሉ ባርቆባቸው፣ ስኳር የጫነች በቅሎ ደንብራ ገደል ገባች። ስቶክሆልም በገቡ በዓመቱ፣ ሪንከቢ በተደረገ ስብሰባ ላይ በቅሎዋ ጂፕ ሆነች። ቆየት ብሎ የጭነት መኪና ሆነች። ሰሞኑን ታንክ ናት።

ዕድሜያቸውም ያደገው እንደ በቅሎዋ ነው። ስዊድን ሲገቡ መዝጋቢው የትውልድ ዘመናቸውን ጠየቃቸው፤ 1908 አሉ። በማን አቆጣጠር ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም አልጨመሩም። በአንድ ቃል ስምንት ዓመት አረጁ። ብዙም ሳይቆይ ስሕተቱ ገባቸው።

«ይታረም» አለች አሰጋሽ።

«ይቆይ» አሉ።

የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ቋንቋ ተማር ተብሎ አይገደድም። አሰጋሽ በአርባ ዓመቷ በበረዶ እየተንሸራተተች ትምህርት ቤት ስትመላለስ፣ እሳቸው በመስኮት ይሸኟት ነበር። ቀጥሎ ከሄምሸንስት፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት ከሚረዳው ክፍል፣ ወለል የምትወለውል ሴት መጣችላቸው። ከዚያ ደግሞ «በሕይወት ያሉ አንጋፋው ታጋይ» የሚል ማዕረግ ተጨመረ። ማን ይህን ይመልሳል? ይቆይ፣ ይቆይ እየተባለ በፈረንጆቹ 2008 ዓመተ ምሕረት ደረሰ።

የካቲት ላይ የስቶክሆልም ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር ሽፈራው ኬክ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ መጋቢት ላይ መቶ ሊሞላዎት ነው! ሪንከቢ አዳራሽ ይዘናል።»

«ምን አደከማችሁ» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ ቀና እያሉ።

«ትልቁን መቼ ነገርኩዎት! እዚህ አገር መቶ ለሞላው ሰው ንጉሡ የእንኳን አደረሰዎ ቴሌግራም ይልካሉ። አመልክቼልዎታለሁ።»

የጋሽ ዓምደሚካኤል ሹካ ኬኩ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

«ማን ነው የሚልከው?»

«ንጉሡ።»

«ከንጉሥ እጅ አልቀበልም! ሰርዝ!»

«ምኑን ልሰርዝ ጋሼ? መቶ መሙላት አይሰረዝ ነገር!»

አሰጋሽ ሳቋ ሳያመልጣት ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። የተመለሰችው ሽፈራው ሲሄድ ነው።

«መላው እኮ ቀላል ነው። ዘጠና ሁለት ነኝ ብለህ ጻፍላቸው፤ ቴሌግራሙ ይቀራል።»

«ሰውስ? ይህን ሁሉ ዘመን ሲዋሽ ኖረ አይለኝም?»

«እንግዲያው ተቀበላ።»

«ጓዶቼስ ምን ይሉኛል?»

«የትኞቹ ጓዶችህ? የለንደኑ እንደሆነ መልስ ከጻፈልህ አምስት ዓመቱ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን የሚጨንቀኝ ሌላ ነው። ነገ መቃብርህ ላይ የውሸት ቁጥር ተቀርጾ፣ እሱን ስስም እንድኖር አልፈልግም። ያገባሁት የእውነቱን ሰውዬ ነው።»

እሷ በማግስቱ በባቡር ሄዳ የማረሚያ ቅጹን አመጣች፤ በዚያ በበረዶ በተማረችው ስዊድንኛ ሞላችው፤ የሚፈርሙበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጋ መነጽራቸው ሥር አኖረችላቸው። ቅጹ እዚያው ከረመ።

የበዓሉ ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ። «መድረክ ላይ እቀደዋለሁ» አሏት ባቡር ውስጥ፤ የሚያደርጉትን ንግግር ሦስት ገጽ ጽፈው ይዘዋል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሽፈራው ቴሌግራሙን በስዊድንኛ አነበበ፣ በአማርኛ ደገመው፣ በሁለት እጁ ዘርግቶ ሰጣቸው። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አሰጋሽ እጃቸውን እጃቸውን ታያለች። እነዚያ እጆች ወረቀቱን እንደ ሕፃን ተቀበሉት፤ ጠርዙ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቀው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት። ንግግሩ ስለዚያች ታንክ ብቻ ሆነ።

«ልትቀደው አልነበረም?» አለቻቸው ሲመለሱ።

«ሰነድ ነው» አሉ። «የጠላት ሰነድ አይቀደድም፤ ይያዛል።»

ከዚያ በኋላ ሰነዱን በየጠዋቱ በማጉያ መነጽር ይመረምሩት ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ግን አሰጋሽ ጠረጴዛውን ስትወለውል ቅጹን አጣችው። ጥሎታል ብላ አዘነች፤ አልጠየቀቻቸውም። በአሥራ አንደኛው ቀን ምሳቸውን በልተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ።

ሽፈራው ለቅሶ ሲደርስ ደብተር ይዞ ነበር። «ለድንጋዩ ነው፤ መቶ ዓመት ብዬ ላጽፍ?» አላት በሐዘን ድምፅ።

«ቆይ» አለችው።

መታወቂያቸውን ፍለጋ ኮታቸውን ስትፈትሽ፣ ከቴሌግራሙ ጀርባ አንድ የታሸገ ፖስታ ወጣ። የመዝገብ ቢሮው አድራሻ በእሳቸው ወልጋዳ ጽሑፍ ተጽፎበታል። ቀደደችው። ቅጹ ነው፤ እርሳስ ያደረገችበት ቦታ ላይ ፈርመዋል። ፖስታውን ገልብጣ ቴምብሩን አየችው። ንጉሡ ቀና ብለዋል።

ቢጫው የፖስታ ሳጥን ያለው ከሕንፃቸው በር ፊት ለፊት፣ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነው። ከደባርቅ ገዳሪፍ በእግራቸው የሄዱት ሰውዬ፣ ያቺን ሠላሳ እርምጃ አልሄዷትም።