ዳማን ማን ይጋልብ

አናጢው ደመላሽ ሚስቱ ማሬ ፈረስ ትማራለች ብሎ አስቦ አያውቅም። ወደ አያ ገዳሙ መስክ የወሰዳት ገመድ እንድትይዝለት ነበር።

አያ ገዳሙ ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ካለው መስክ ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ በጥምቀት ጉግስ የሚደርስባቸው አልነበረም ይባላል። አሁን ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ኮርቻ ላይ አይወጡም። ፈረሳቸው ዳማ ግን ገና ጎልማሳ ነው፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥርም ሰፈሩ አንድ ፈረሰኛ ማውጣት አለበት። ስለዚህ መስከረም ላይ፣ "ዘንድሮ ዳማን የሚጋልበው ትምህርቴን የጨረሰ ነው" ብለው አስነገሩ። ደመላሽ በማግስቱ ከደጃቸው ተገኘ። ልጅ ሆኖ በሰው እግር መካከል እየሾለከ ጉግስ ሲያይ ያደገ ሰው ነው፤ አባቱ እንኳን ፈረስ አህያም አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ከታቦቱ ፊት ጋልቦ ማለፍ እስከ ጎልማሳነቱ ሲቆጥበው የኖረው ምኞት ነበር።

የአያ ገዳሙ አስተማመር ራሱን የቻለ ድንቅ ነው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ፈረስ መጋለብንም እንደ ቄስ ትምህርት ቤት በደረጃ ከፍለውታል፦ ፊደል፣ ግዕዝ፣ ውርድ፣ ቁም፣ በመጨረሻ ዳዊት። ፊደል ላይ ያለ ተማሪ ፈረሱ ላይ አይወጣም። ያበላዋል፣ ያሸዋል፣ ይስበዋል፤ ከሁሉም በላይ ጆሮውን ማንበብ ይማራል። ሁለቱም ጆሮዎች ወደ ፊት ከተቀሰሩ ፈረሱ አንድ ነገር አይቷል፤ ወደ ኋላ ከተለጠፉ ተቆጥቷል፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከዞረ ደግሞ የሚያዳምጠው አንተን ነው።

ግዕዝ ላይ ተማሪው ያለ ኮርቻና ያለ ልጓም አጎዛ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ረጅም ገመድ ይዞ ፈረሱን ክብ ያዞረዋል። ተማሪው በእጁ የሚይዘው ውሃ የሞላ ጣሳ ብቻ ነው፤ ውሃው ሳይፈስ ዙሩ ካለቀ አለፈ። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ጥልቅ ነው። ሚዛኑን ሳያገኝ ልጓም የተሰጠው ሰው ሊወድቅ ሲል የሚንጠለጠለው በፈረሱ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወገብ ከእጅ ቀድሞ መማር አለበት።

ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ አያ ገዳሙ ከሁለት ቃል አንዱን ብቻ ይናገራሉ፤ "እለፍ" ወይም "ድገም"።

ደመላሽ ፊደሉን ቶሎ አለፈ። ግዕዙ ላይ ግን ቆመ። ገመድ የሚይዝለት ሰው ሲያጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ድንችና ጎመን የምትሸጠውን ማሬን በሌላው ቀን ይዟት መጣ። እሷ መሀል ቆማ ፈረሱን ስታዞር፣ እሱ ሱሪውን በውሃ እያራሰ ሲዞር ከረሙ።

"ድገም" አሉ አያ ገዳሙ አንድ ቀን እንደተለመደው። ከዚያ ወደ ማሬ ዞሩ። "እስቲ አንቺ ደግሞ ውጪ።"

"እኔ? ኧረ አያ፣ ይተዉኝ! ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው የለም፤ ባልሽ ብቻ ነው ያለው።"

ማሬ እየሳቀች ወጣች። ደመላሽም እየሳቀ ገመዱን ተቀበላት። ፈረሱ መዞር ጀመረ። የማሬ ትከሻ ዝም አለ፣ ወገቧ ብቻ ከፈረሱ ጀርባ ጋር ወዲህ ወዲያ አለ፤ ጣሳው እንደሞላ ተመለሰ። የደመላሽ ሳቅ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

"እለፊ" አሉ አያ ገዳሙ።

"እንስራ አዝላ ስላደገች ነው" አለ ደመላሽ።

"አንተም አዝለህ ና፣ ማን ከለከለህ?"

ቅናት እንዲህ ነው የጀመረው። ባሏ ግዕዙን በግድ አልፎ ወደ ውርድ ሲደርስ፣ ማሬ ውርዱን ጨርሳ ወደ ቁም ገብታ ነበር። ውርድ ኮርቻና ልጓም የሚመጡበት ደረጃ ነው፤ ዋናው ፈተናው ግን መጋለብ አይደለም። ያለ ደጋፊና ያለ መወጣጫ ድንጋይ፣ ዳገት ላይም ቁልቁለት ላይም ከፈረስ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው። "መውረድ የማይችል ሰው ፈረሰኛ ሳይሆን ጭነት ነው" ይላሉ አያ ገዳሙ። ደመላሽ መውረዱን ይወርዳል፤ መልሶ መውጣቱ ግን በድንጋይ ካልሆነ አልሆንለት አለ። እሱ ከድንጋዩ ጋር ሲታገል ማሬ የቁም ትምህርቷን በሶምሶማ፣ ቀጥሎም በደንገላሳ እየጋለበች አጠገቡ ታልፍ ነበር።

ቤት ውስጥም ሰላም አላገኘም። ማሬ ማታ እራት እያቀረበች የቀኑን ትምህርት ስትተርክ ፊቷ ይበራል።

"ዛሬ አያ የጉግሱን ዱላ አስያዙኝ! ዳዊት ጀመርኩ እኮ። ዳማ ምን እንደሚያደርግ ብነግርህ..."

"ሚስማር ልግዛ" ብሎ ተነሳ።

"በዚህ ሰዓት?"

"ጠዋት እንዳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።"

ጎረቤቱ አበረ ደግሞ ቁስሉን የሚያገኝ ሰው ነው። አናጢ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ፣ "ደመላሽ፣ እንኳን ደስ ያለህ!" አለው።

"ለምኑ?"

"ሚስትህ ለጥምቀት ፈረስ ላይ ናት አሉ። የበዓሉን ጠላ ማን ይጠምቃል ብለን ስንጨነቅ፣ ለካ አንተ አለህ!"

ደመላሽ መላጊያውን አንስቶ መላግ ጀመረ። ያን ቀን የላገው በር ከመቃኑ ጠቦ ቀረ።

ጥምቀት ሲቃረብ አያ ገዳሙ ለለቅሶ ወደ ጉንደ ወይን ሄዱ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ማሬ ገበያ ናት። ደመላሽ ብቻውን ወደ ጋጣው ገባ። ዳማን ጫነ፣ ለጎመ፣ የጋጣው ካብ ላይ ቆሞ ወጣበት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በገበያው መሀል በእርጋታ ያልፋል፣ አበረም ያየዋል፣ ማሬም ታየዋለች። ከዚያ አያ ገዳሙ ሳይመለሱ ፈረሱን ጋጣው ያስገባል። ማን ዳማን እንደሚመጥን ሰው ራሱ ይፍረድ።

እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ መልካም ሄደለት። ዳማ አንገቱን ቀና አድርጎ ይራመዳል፤ ገበያተኛው መንገድ ይለቃል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ሲደርስ ግን ከፊቱ በበቅሎ የሚሄዱት አዛውንት ወርደው ተሳለሙ። በአገሩ ደንብ ደመላሽም መውረድ ነበረበት። ግራ ቀኙን አየ። ሜዳው ልሙጥ ነው፤ ድንጋይ የለም። ከወረደ መልሶ አይወጣም፤ ያን ሁሉ ገበያተኛ እያየው ፈረስ እየጎተተ ሊሄድ ነው። ሳይወርድ እንዳያልፍ ደግሞ እመቤታችንን ፈራ። ሁለቱንም ያስታርቃል ብሎ፣ ኮርቻው ላይ እንዳለ ጎንበስ አለና ሊያማትብ ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ።

ዳማ ተፈናጠረ።

ደመላሽ ሁለተኛውን ማማተብ የጀመረው ከልቡ ነው፤ እጁን ባነሳ ቁጥር ግን ፈረሱ ሽምጡን ጨመረ። የበርበሬ ነጋዴዎች ጮሁ፣ ዶሮዎች ተበተኑ፣ አንድ ባጃጅ ወደ ቦይ ገባ። የአትክልት ተራው ጋ ሲደርሱ ፈረሱ በቀኝ ታጠፈ፤ ደመላሽ ወደ ግራ ሄደ። የወደቀው የጎመን ክምር ላይ ነው።

ቀና ሲል ማሬን አየ። መንገዱ መሀል ቆማ፣ ሁለት እጇን ወደ ታች ዘርግታ "ቀስ፣ ቀስ በል ዳማዬ" ትላለች። ፈረሱ ላቡ እየተንጠባጠበ ፊቷ ቆመ። ልጓሙን ያዘች፣ አፉን ከፍታ አየች፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባሏ የመጣችው። ከመውደቁ ይልቅ ይህ ቅደም ተከተል አመመው።

አያ ገዳሙ በማግስቱ ሲመለሱ አልተቆጡም። ከጋጣው ጀምሮ እስከ ጎመኑ ድረስ አንድም ሳያስቀር አስተረኩት።

"ዳማ የጉግስ ፈረስ ነው" አሉት። "ቀኝ እጅ ከትከሻ በላይ ከወጣ፣ ለእሱ ዱላ ሊወረወር ነው ማለት ነው። አንተ አማተብክ፤ እሱ ግን 'አባርር' ስትለው ሰማ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"የዳዊት ትምህርት ነው። አንተ ያለኸው ውርድ ላይ ነው። ብትወርድ ኖሮ ላዩ ላይ ሆነህ እጅህን ባላነሳህ ነበር።"

ደመላሽ ወደ ማሬ ዞረ። "አንቺ ታውቂ ነበር!"

"አዎ፣ አውቃለሁ።"

"ባልሽ አይደለሁም? ለምን አትነግሪኝም?"

"ልነግርህ ስል ሚስማር ልትገዛ ተነሳህ።"

አያ ገዳሙ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ፊደልን ድገም" አሉት። "በጥምቀት ዳማን የምትጋልበው ማሬ ናት። ጭነህና ስበህ ሜዳ የምታደርሰው አንተ ነህ።"

የጥምቀት ዕለት ደመላሽ ገና ሳይነጋ ዳማን ጫነ። የበዓል ልብሱን ግላሱን አለበሰው፣ ማሬን ኮርቻው ላይ አስቀመጣትና እየሳበ ከሕዝቡ ጋር ወጣ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነው። እልልታው ለእሷ ነው፣ በስልክ ፎቶ የሚያነሱት እሷን ነው። አበረ ከሕዝቡ መሀል፣ "አይዞህ፣ ጠላው ጥሩ ወጥቷል!" ብሎ ጮኸ። ደመላሽ ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬቱን እያየ ተራመደ።

ሜዳው ጋ ሲደርሱ ፈረሰኞቹ ተሰለፉ። ደመላሽ ልጓሙን ሊለቅ ሲል እጁ የዳማን ሆድ ነካ። የኮርቻው ጠፍር ላልቷል። ብልጥ ፈረስ ሲጫን ትንፋሹን ስቦ ሆዱን ይነፋል፤ ጥቂት ሲራመድ ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ ጠፍሩ ይላላል። በእርምጃ ጊዜ አይታወቅም። በሽምጥ ላይ ፈረሱ ሲታጠፍ ግን ኮርቻው ይዞራል፤ ጋላቢውም አብሮ ይዞራል።

ማሬ አላየችም፤ ዓይኗ ከሜዳው ማዶ ነው። አያ ገዳሙ ሩቅ ናቸው። ደመላሽ ጣቶቹን በጠፍሩና በሆዱ መካከል አስገባ፤ ሰፊ ቦታ አገኙ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እሷም አንድ ጊዜ ብትወድቅስ? የሚለው ሐሳብ መጣ፤ መጥቶም ወዲያው አልሄደም። ቆሞ ሰማው። ዳማ አንድ ጆሮውን ወደ እሱ መለሰ።

"ደመላሽ፣ ልቀቀው እንጂ፣ ሊጀመር ነው!" አለች ማሬ።

"ቆይ። እግርሽን አንሺ።"

"ምን ሆነ?"

"አንሺ አልኩሽ!"

እግሯን ወደ ፊት አነሳች። ደመላሽ ትከሻውን ለፈረሱ ሆድ አስደግፎ፣ ዳማ እስኪተነፍስ ጠበቀና ጠፍሩን በሙሉ ኃይሉ ሳበው። ቋጨው። ኮርቻውን ያዝ አድርጎ ወዘወዘው፤ አልተነቃነቀም። ማሬ ቁልቁል አይታ ምን እንዳደረገ ገባት።

"ላልቶ ነበር?"

"አሁን ጠብቋል" አለ። አሁንም ይቀና ነበር። ልጓሙን ለቀቀና ወደ ኋላ ሸሸ። "በይ፣ እለፊ!"

ማሬ ቀኝ እጇን አነሳች።