የካርታ ሳዪዋ ድልድይ

ወገዳ ከተማ ላይ ኮምፒውተር ቤት የከፈተው ይታየው ጥጉን የያዘችውን ደንበኛውን ስሟን ጠይቋት አያውቅም። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ በኮምፒውተር ገደልና ወንዝ ያለበት ካርታ ትስላለች። ጠረጴዛ ከብበው በካርታ ላይ በምናብ የሚጓዙበትን የጀብዱ ጨዋታ ለሚጫወቱ ፈረንጆች መጽሐፍ የሚያወጣ ድርጅት ታሪኩን ከሌላ አገር ሰው፣ ካርታውን ከእሷ እየገዛ፣ ሸጦ ያተርፋል።

አንድ ቀን እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች።

«ምነው እቴ?» አላት ይታየው።

«ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ አጥፊው ይሉኛል። አደጋ ከሌለው አይሸጥም አሉ።»

«ብታጠፊውስ? ጨዋታ አይደል?»

«ወንድሜን የበሽሎ ወንዝ ወስዶታል» አለች፣ ዓይኗን ከሳለችው ወንዝ ሳትነቅል። «ድልድይ ቢኖር ኖሮ ይሻገር ነበር።»

ይታየው ወደ ቦታው ተመለሰ። እሷም ካርታውን ከነድልድዩ ለድርጅቱ ላከችው። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ሌላ ካርታ አላዘዛትም፤ እሷም አልለመነችም።