እሑድ እሑድ የሚያብደው ባትሪ

እናቴ ሳንባዋ ደክሟል፤ ያለ ማሽን ከሳሎን መኝታ ቤት እንኳ መድረስ አቅቷታል። ቤት ስትሆን ኦክስጅን የሚሰጣትን ማሽን ሶኬት ላይ እንሰካዋለን። ስትወጣ ትከሻዋ ላይ ታነግተዋለች፤ ያኔ የሚሠራው ሶኬት ላይ ሳለ በሚሞሉት ሁለት ባትሪዎች ነው። ባትሪው አለቀ ማለት ትንፋሿ አለቀ ማለት ነው። እኔም ኪሌሌሽዋ ሰፈር ካለው ቤታችን ከመውጣቷ በፊት ባትሪ ባትሪ ስል ልቤ ይጠፋል።

ማሽኑ ደግሞ ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። የእያንዳንዱን ለማወቅ ባትሪውን አውጥቶ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ መጫን ነው፤ አራት መብራት ከበራ ሙሉ ነው። እሑድ ጠዋት ሁለቱም አራት አራት። ቤተ ክርስቲያን አድርሻት ሬስቶራንት ሥራዬ እገባለሁ። ከቅዳሴ ስትመለስ ግን አንዱ ሁለት መብራት፣ ሌላው ድርግም ብሏል! በአዘቦት ቀን ሐኪም ቤት ደርሰን ስንመጣ እኩል ነው የሚወርዱት። ምነው እሑድ ሲሆን ምን ይነካቸዋል? ጉድ እኮ ነው!

መሃል ከተማ አንድ ፉንዲ ጋ ወሰድኩት፤ ጠጋኙን እዚህ ሁላችንም በስዋሂሊ ፉንዲ ነው የምንለው። ፈታው፣ ለካው፣ "ሃኩና ሺዳ" ብሎ መለሰልኝ። እንዴት ነው ችግር የለውም የሚለኝ? ተናደድኩ። ቤት ስገባ ደግሞ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። በደንብ ሳልሰካው አድሬ ይሆን? ሌሊት ስቲማ፣ መብራቱ ማለቴ፣ ጠፍቶ ይሆን? እናቴን ስጠይቃት "እኔ ምኑን አውቄ!" ብላ ፊቷን ታዞራለች። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ባትሪ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩባቸው። እሑድ ከሰዓት አውጥቼ ሳያቸው አንዱ ቀለም አለው፣ ሌላው የለውም። አገላበጥኩት። የእኛ አይደለም!

"እማ፣ ይሄ የማነው?"

"ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠዋ ሴትዮ ነው" አለች። "ማሽኗ እንደኔው ነው። ሰፈሯ ስቲማ ሲጠፋ ባትሪዋን ሳትሞላ ትመጣለች። ቅዳሴ አቋርጣ እንዳትወጣ ብዬ አንዱን እለውጣታለሁ። የሷን አንቺ እዚህ ትሞዪልኛለሽ።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትከለክይኛለሽ ብዬ ነዋ።"

ደሜ ፈላ። ለካ ስንት እሑድ በአንድ ባትሪ ስትተነፍስ ኖራለች! "ሰው አይደለሽም እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። "ያንቺው ቢያልቅስ? መሃል ቅዳሴ ላይ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ማን አለሽ?"

"እሷ አለችልኛ" አለች፣ ቀስ ብላ። "አንቺ እንደሁ ሥራ ላይ ነሽ።"

የሴትዮዋን ባትሪ ማሽኑ ውስጥ መልሼ ሶኬቱን ሰካሁና አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።