የጀማለዲን ወተት

ባሌ ጀማለዲን ጊንጆ ሰፈር ባለች አንዲት ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍሬን ሸራ ሲቀይር ኖሯል። ከሊሙ ገነት ቡና ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው። ሸራውን የሚከድነውን የጎማ ታምቡር ይፈታና የሸራውን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር እየነፋ ያራግፈዋል፤ ማታ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወተት ግጥም! "ወተት አቧራውን ጠርጎ ይወስደዋል" ይላል፤ ጋራዡ በሙሉ እንዲሁ ነው የሚያምነው። እኔም ሞኟ በየቀኑ ሳፈላለት ኖርኩ።

አምና ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። አንድ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ስድስት ወር ኪኒን አስዋጠው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በኋላ ሆስፒታል ከደረቱ ሁለት ሊትር ውሃ ቀዱለት፤ ከሳንባው ሽፋንም ቆንጥረው መረመሩ። ትህትና የምትባል ሐኪም አስቀምጣ ነገረችን።

"ሜሶቴሊዮማ ይባላል፤ የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል መርዘኛ ማዕድን ነበረበት። ብናኙ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚያሳምመው።"

"ወተቱስ?" አላት።

"ወተት የሚገባው ሆድ ነው፣ አባባ። ብናኙ የገባው ሳንባ ነው።"

"ቅደዱትና አውጡለት!" ብዬ ጮኽኩ። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም።

"ቀዶ ጥገና አለ። ሽፋኑ ይላጣል፤ አንዳንዴ ሳንባውም አብሮ ይወጣል። ግን በሽታው ሳይሰራጭ፣ ልብም ጠንካራ ሲሆን ነው፤ የእሳቸው ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ጥገናው ይጎዳቸዋል። ውሃው ተመልሶ እንዳይሞላ የመድኃኒት ዱቄት ጨምረን በሳንባውና በደረቱ መሃል ያለውን ክፍተት እናጣብቃለን፤ ከዚያ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እንሰጣለን። አልዋሻችሁም፣ አያድናቸውም፤ ግን ዕድሜና ትንፋሽ ይሰጣቸዋል።"

እኔ ተንሰቀሰቅኩ። እሱ ግን "እውነቱን ነገርሽኝ፤ አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ" አላት።

አሁን አራተኛውን ኬሞ ጨርሷል። ከስቷል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ግን መንገድ ላይ ሳያርፍ መስጊድ ይደርሳል፤ አጠገቤ ተኝቶ ትንፋሹን እሰማለሁ። አልሐምዱሊላህ! ስንት ቀን ቀረን ብዬ አልጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት "ጋራዥ ውሰጂኝ" አለኝ።

"ምን ረስተህ?"

"ፈለቀን።"

ፈለቀ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ጓደኛው ነው። ስንደርስ ታምቡር ፈትቶ፣ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ፣ አቧራውን ሊነፋ ነው።

"ቁም!" አለ ጀማለዲን። እንዲህ ያለ ድምፅ ካወጣ ዓመቱ ነው። ፈለቀ ዘሎ አቀፈው፤ ለራሱ ያስቀመጠውን ወተት አምጥቶ "ላንተ ይሁን፣ ጠጣ" አለው።

ጀማለዲን ተቀበለና ወተቱን ታምቡሩ ላይ ደፋው። አቧራው ጭቃ ሆነ።

"አንተ ሰውዬ! ወተት ይደፋል?" አልኩት።

አላየኝም። "ከነገ ጀምሮ በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው" አለው ፈለቀን። "ሠላሳ ዓመት ጠጥቼው ለኔ አልሠራም፤ ላንተ ይሥራ።"

ፈለቀ ታምቡሩን አየ፤ የባሌን ደረት አየ። ሄዶ ኮምፕሬሰሩን አጠፋው።